ከልጆች ጋር የሚታደርበት ድንኳን

ለቤተሰብ የሚሆን ድንኳን የሚመረጠው በሦስት ነገር ነው፤ በሚተከልበት ቦታ ከፍታ፣ በሚተከልበት ወቅትና ውስጡ በሚያድሩት ልጆች ዕድሜ። ዋጋውም ሆነ የንግድ ምልክቱ የሚታየው ከእነዚህ በኋላ ነው። ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ምቹ የነበረ ድንኳን ደጋ ላይ ሲተከል ልጅ በብርድ ሲያለቅስ የሚያነጋበት ሊሆን ይችላል። ለብርድ የተሠራው ደግሞ ቆላ ላይ እንደ ምድጃ ያፍናል።

ቦታውና ወቅቱ

እንሴኖ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ (ባቱ) በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የምሥራቅ ጉራጌ ከተማ ስትሆን ከፍታዋ ከ2000 ሜትር በታች ነው። ከእርሷ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ቡታጅራን አልፎ ወደ ጉራጌ ተራሮች ይወጣል፤ ከተራሮቹ አንዱ የሆነው ዘቢዳር ቁመቱ ከ3700 ሜትር ያልፋል። ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ደግሞ በቆሼ በኩል ወርዶ 1636 ሜትር ገደማ ላይ ከተኛው የዝዋይ ሐይቅ ይደርሳል። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በሐይቁ ዳርና በዘቢዳር አናት መካከል ወደ 13 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለ። ከእንሴኖ የሚነሣ ቤተሰብ ድንኳን ከመግዛቱ በፊት በብዛት የሚሄደው ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች የሚለውን መመለስ አለበት። ወደ ታች ከሆነ አየር የሚያስገባና ትንኝ የሚከለክል ድንኳን፣ ወደ ላይ ከሆነ ደግሞ ጠበብ ያለና ነፋስ የማያስገባ ድንኳን ይፈልጋል።

ወቅቱም እንደ ቦታው ይወስናል። በጉራጌ ምድር ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ በብዛት የሚጓዘው በበዓል ነው። ለመስቀልና ለዓረፋ ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች የሚመጣው የአገሬው ተወላጅ መንገዱን ይሞላዋል። የአባት ቤት በእንግዳ ሲጨናነቅ ግቢ ውስጥ የሚተከል ድንኳን ለልጆቹ ደስታ፣ ለባለቤቶቹም ፋታ ነው። ይሁን እንጂ መስቀል የሚውለው መስከረም 17 ነው፤ ያኔ ዝናቡ ጨርሶ አልሄደም፣ ዋናው የወባ ወቅትም ጀምሯል። ስለዚህ የመስቀል ድንኳን ዝናብንም ትንኝንም መቻል አለበት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ይጠራል፤ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ግን ደመና ስለማይሸፍነው ክፉኛ ይበርዳል። በበልግ ደግሞ ከቀትር በኋላ ድንገተኛ ዝናብ ይወርዳል።

ስፋቱ

ድንኳን ላይ የሚጻፈው የሰው ቁጥር ብዙ ገዢ ያሳስታል። ፋብሪካው «ባለ 4 ሰው» ሲል ለእያንዳንዱ ሰው ከ55 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሰጥቶ፣ አራት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሲተኙ ማለቱ ነው። ሻንጣ፣ የውሃ ጀሪካን፣ የሕፃን ዳይፐርና የጭቃ ጫማ በስሌቱ ውስጥ የሉም። የተለመደው ባለ 4 ሰው ድንኳን ወለሉ 240 በ210 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም 5 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን ለአንድ ሰው 1.25 ካሬ ሜትር ብቻ ይደርሰዋል። ለማነጻጸር ያህል፣ ስፌር የሚባለው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ ርዳታ መመዘኛ በመጠለያ ውስጥ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር ይጠይቃል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የሚያከፋፍለው የቤተሰብ ድንኳንም ዋናው ክፍሉ 16 ካሬ ሜትር ነው። ለሁለት ሌሊት ሽርሽር ያን ያህል ስፋት አያስፈልግም፤ ሆኖም ዝናብ ቀኑን ሙሉ ሲያስቀምጥ ሁለት ልጆችን በ5 ካሬ ሜትር ውስጥ መያዝ ከባድ ነው።

አዋጪው ስሌት ከቤተሰቡ ቁጥር ላይ ሁለት መጨመር ነው። አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ባለ 6 ሰው ድንኳን ይበቃቸዋል፤ እንዲህ ያለው ወለሉ 3 በ3 ሜትር ገደማ ነው። ጡት የሚጠባ ሕፃን እንደ አንድ ሙሉ ሰው ይቆጠራል፤ አካሉ ትንሽ ቢሆንም ዕቃው ብዙ ነውና። ቁመቱ መካከሉ ላይ 180 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ወላጅ ቆሞ ልብስ መቀየርና ሕፃን አዝሎ ማስተኛት ይችላል። አንድ ሜትር ከሃያ በሆነ ድንኳን ውስጥ ሁሉም ነገር በጉልበት እየተሄደ የሚሠራ ስለሆነ ከልጅ ጋር ያደክማል።

በመጋረጃ የሚከፈል ድንኳን ለትንንሽ ልጆች በእጅጉ ይጠቅማል። ልጆቹ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሲተኙ ወላጆቹ ገና ቡና ላይ ናቸው፤ ክፍሉ አንድ ብቻ ከሆነ በጨለማ እየዳበሱ መንቀሳቀስ ወይም መብራት አብርቶ መቀስቀስ ግድ ይላል። በአውሮፓ ገበያ ብርሃን የማያስገባ ጥቁር ክፍል ያለው ድንኳን በውድ ይሸጣል፤ እዚያ በበጋ ፀሐይ እጅግ ማልዳ ስለምትወጣ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚነጋው በ12 ሰዓት ዙሪያ በመሆኑ ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ትልቅነት ግን ጉዳትም አለው። ትልቅ ድንኳን ሰፊ ደልዳላ መሬት ይፈልጋል፣ ነፋስ ይይዛል፣ የተኛው ሰው በገላው ሙቀት ሊያሞቀው አይችልም። ወደ ዘቢዳር ለሚወጣ፣ ወይም ወደ ወንጪና ወደ ባሌ ተራሮች ለሚጓዝ ቤተሰብ አንድ ቁጥር ብቻ ጨምሮ ጠበብ ያለውን መያዝ ይሻላል።

መረቡ

ከ2000 ሜትር በታች ለሚተከል ድንኳን ከሁሉ የሚቀድመው የትንኝ መረቡ ነው። በኢትዮጵያ ወባ የሚያሰጋው በአብዛኛው ከዚህ ከፍታ በታች እንደሆነ ይታወቃል፤ በቡታጅራ ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች ግን ከ2000 ሜትር በላይ ባሉ ቀበሌዎችም ወባ እንደሚገኝ አሳይተዋል። ዋናው የመተላለፊያ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሲሆን የበልግን ዝናብ ተከትሎም ይነሣል። በበሽታው ክፉኛ የሚጎዱት ደግሞ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው።

መረቡ በሩንም መስኮቱንም ያለ ክፍተት መሸፈን አለበት። መፈተኛው ቀላል ነው። በፀሐይ ሰዓት አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ ዚፑን ሁሉ ይዘጋና የውጭ ብርሃን በቀጥታ የሚገባበትን ቀዳዳ ይፈልጋል። ብዙውን ጊዜ ክፍተት የሚገኘው ሁለቱ ዚፖች በሚገናኙበት ጥግ ላይ ነው፤ ትንሽ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ለትንኝ ሰፊ በር ናት።

በኢትዮጵያ ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው የትንኝ ዝርያ አኖፌለስ አራቢየንሲስ ከቤት ውስጥም ከቤት ውጭም ትነክሳለች፤ ንክሻዋንም የምትጀምረው ገና ሲመሽ፣ ልጆች ሳይተኙ ነው። ስለዚህ ከመኝታው ፊት ለፊት በመረብ የተከበበ በረንዳ ያለው ድንኳን እራትና ጨዋታውንም ይጠብቃል። ሌላው የሚረሳ ነገር የልጆች አተኛኘት ነው። ልጅ በእንቅልፉ እየተንከባለለ ይሄድና ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ያድራል፤ ክንዱ መረቡን ከነካ ትንኟ ከውጭ ሆና በቀዳዳው ትነክሰዋለች። የድንኳን መረብ ጤና ጣቢያ እንደሚሰጠው አጎበር በፀረ ተባይ የተነከረ አይደለም። ስለዚህ መረቡ ከወገብ በላይ ብቻ ሆኖ ታችኛው ግድግዳ ጨርቅ የሆነ ድንኳን ይመረጣል። ካልተገኘ ልጆቹን መሐል አስተኝቶ ሻንጣውን በግድግዳው ዳር መደርደር ይቻላል። ጣሪያው ላይ ማንጠልጠያ ካለ የቤቱን አጎበር ውስጥ መስቀል ደግሞ ሁለተኛ መከላከያ ይሆናል።

ዝናቡና ጨርቁ

የድንኳን ጨርቅ ውሃ የመቋቋም አቅም የሚለካው በሚሊ ሜትር ነው። ጨርቁ ተወጥሮ በላዩ የውሃ ዓምድ ይቆምበታል፤ ውሃው ጠብ ማለት ሲጀምር ዓምዱ የደረሰበት ቁመት የጨርቁ መለኪያ ይሆናል። 1500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የማያስገባ ለመባል እንደ ዝቅተኛ ልክ ይወሰዳል፤ በክረምትና በመስከረም መባቻ ለሚያድር ቤተሰብ 3000 የተሻለ ነው። ወለሉ ከጣሪያው የበለጠ ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ ልጅ በጉልበቱ ሲንበረከክ ክብደቱ ሁሉ በትንሽ ቦታ ላይ አርፎ ከሥር ያለውን እርጥበት ወደ ላይ ይጨምቀዋልና።

ከቁጥሩ በላይ የሚታይ ነገር ግን አሠራሩ ነው። የላይኛው የዝናብ ልባስ እስከ መሬት ጥግ የሚወርድ መሆን አለበት፤ ጣሪያውን ብቻ እንደ ቆብ የሚሸፍነው ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ሲመጣ በጎን ያስገባል። ወለሉ ዙሪያውን ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ታጥፎ ከተሰፋ ጎርፍ በላዩ አይሻገርም። ስፌቱ ላይ ከውስጥ በኩል የተለጠፈ ግልጽ ጥብጣብ ከሌለ ውሃው በመርፌው ቀዳዳ ይገባል። ከወለሉ ሥር የሚነጠፈው ላስቲክ ደግሞ ከድንኳኑ ጠርዝ ወደ ውጭ መውጣት የለበትም፤ ከወጣ ዝናቡን ተቀብሎ ወደ መኝታው ሥር ይሰበስበዋል።

በኢትዮጵያ ከሁሉ የሚታወቀው የእድርና የሠርግ ድንኳን ነው። ይህ ለመቀመጫ እንጂ ለመኝታ አልተሠራም፤ ወለል የለውም፣ መረብ የለውም፣ የብረት ምሰሶው በጭነት መኪና የሚሄድ ነው። ሕፃናት የሚያድሩበት ሆኖ ከተገኘ ሰሌን ተነጥፎ አጎበር ሊሰቀልበት ይገባል። የጥጥ ሸራ ግን ለመኝታ ድንኳንም የራሱ ጥቅም አለው። ክሩ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ቀዳዳውን ስለሚደፍን ዝናብ ይከላከላል፤ ሲደርቅ ደግሞ አየር ያስተነፍሳል፣ ቀን ላይም ከፖሊስተር ይልቅ ይቀዘቅዛል። ጉድለቱ ክብደቱና እርጥብ ሆኖ ሲታጠፍ መሻገቱ ነው። ባለ አንድ ምሰሶ ክብ የሸራ ድንኳን 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ሲመዝን፣ ተመጣጣኝ የሆነው የፖሊስተር ድንኳን ከ7 እስከ 12 ኪሎ ነው። የመጀመሪያው ፖርቶ መጋላ ላይ ይጫናል፤ ሁለተኛው ሚኒባስ ውስጥ ከሕዝብ ጋር ይሄዳል። ከውጭ አገር በሻንጣ ለሚልክ ዘመድም የኋለኛው ለአንድ ሻንጣ ከሚፈቀደው 23 ኪሎ ውስጥ ቦታ ይተርፈዋል።

ትንፋሹ፣ ብርዱና ፀሐዩ

ሌሊት ዝናብ ሳይጥል ግድግዳው ረጥቦ የሚያድረው ብዙ ጊዜ በማፍሰስ አይደለም። አራት ሰው የተኛበት ድንኳን ከትንፋሽ ብቻ በአንድ ሌሊት ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ውሃ ይሰበስባል፤ እንፋሎቱ የቀዘቀዘውን ጨርቅ ሲነካ ጠል ሆኖ ይወርዳል። መፍትሔው ባለ ሁለት ድርብ ድንኳን ነው። የውስጠኛው እንፋሎቱን ያሳልፋል፣ የውጨኛው ይይዘዋል፤ በመካከላቸው ባለው ክፍተትም አየር ይመላለሳል። ከታች አንድ፣ ከጣሪያው ሥር አንድ አየር ማስገቢያ ያለው ይመረጣል። ብርድ ነው ተብሎ ሁሉንም መድፈን ብርድ ልብሱን ያረጥበዋል፤ እርጥብ ብርድ ልብስ ደግሞ አያሞቅም።

ልጅን ከሁሉ የሚያበርደው ከሥሩ ያለው መሬት ነው። ጋቢ በላዩ ቢደራረብ ከሥሩ ስፖንጅ ፍራሽ ወይም ወፍራም ምንጣፍ ከሌለ አይሞቀውም። በጉራጌ ቤት ከእንሰት የሚሠራው ጂባ በላስቲኩና በፍራሹ መካከል ቢነጠፍ ጥሩ ያገለግላል። በአየር የሚነፋ ፍራሽ ምቾት ቢኖረውም ውስጡ ያለው አየር ቅዝቃዜውን ስለሚያስተላልፍ በላዩ ብርድ ልብስ ማንጠፍ ይፈልጋል።

ፀሐይም ድንኳን ትበላለች። ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ናይለንና ፖሊስተር በዚህ ጨረር እየሳሱ በመጨረሻ በጣት ሲጫኗቸው ይቀደዳሉ። ቀለሙ ፈዛዛ የሆነ ድንኳን ከጥቁሩና ከጥቁር ሰማያዊው ያነሰ ይሞቃል። ከግራር ጥላ ሥር መትከል ጨርቁንም የቀን እንቅልፍ የሚተኛውን ሕፃንም ያተርፋል፤ ደረቅ ቅርንጫፍ ከተንጠለጠለበት ዛፍ ግን መራቅ ያስፈልጋል።

ቅርጹና አተካከሉ

ሁለት ዘንጎች ጫፉ ላይ የሚጠላለፉበት ጉልላት ቅርጽ ነፋስን ከየአቅጣጫው ይችላል፤ ለጀማሪ ቤተሰብም የሚስማማው እርሱ ነው። ግድግዳው ቀጥ ያለው ቤት መሰል ድንኳን ውስጡ ሰፊ ሆኖ ነፋስ ግን ያዋክበዋል። ከቀትር በኋላ ጠንካራ ነፋስ በሚነሣባቸው እንደ ላንጋኖ ባሉ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ይህ በደንብ ይታያል። ዘንጎቹ ፋይበርግላስ ከሆኑ ዋጋቸው ቀላል ነው፣ ሆኖም ይሰነጠቃሉ፤ ስብርባሪያቸውም የልጅ እጅ ይወጋል። አሉሚኒየም ይወደዳል፣ ግን ይጎብጣል እንጂ አይበጣጠስም።

ካስማው ለመሬቱ የሚስማማ መሆን አለበት። ከድንኳኑ ጋር የሚመጣው ቀጭን የሽቦ ካስማ አሸዋማ በሆነው የሐይቅ ዳር መሬት አይጸናም፤ ረጅምና ሰፊ ካስማ፣ ወይም አሸዋ የተሞላ ከረጢት ቀብሮ አውታሩን በእርሱ ማሰር ያስፈልጋል። ቦታውም ሲመረጥ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ደልዳላ አሸዋ ታየ ተብሎ አይተከልም። መቂ ወንዝ የሚነሣው ከጉራጌ ተራሮች ነው፤ ሜዳው ላይ ጠብ ሳይል ተራራው ላይ የዘነበ ዝናብ ሌሊት ጎርፍ ሆኖ ሊወርድ ይችላል። በዝዋይ ሐይቅ ደግሞ ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ስለሚወጣ ከውሃው ዳርና እርሱ ከሚመላለስበት መንገድ ርቆ መትከል ግድ ነው። የገበሬ ማሳ ወይም የመንደር ሣር ላይ ለመትከል አስቀድሞ ባለቤቱንና የአካባቢውን ሽማግሌ ማስፈቀድ ተገቢ ነው፤ ፈቃድ የሰጠ መንደር ጥበቃውንም አብሮ ይሰጣል።

የልጆች ደኅንነት

ድንኳን ውስጥ ከሰል ፈጽሞ አይገባም፤ ፍሙ ሊጠፋ ነው፣ አመድ ለብሷል፣ ጀበናው ሊወርድ ነው የሚል ምክንያት አይሠራም። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ተኝተው ያሉ ሰዎችን ሳይነቁ ይገድላል። ቡናውም ምግቡም ከድንኳኑ ራቅ ብሎ፣ ነፋሱ ፍንጣሪውን ወደ ድንኳኑ በማይወስድበት በኩል ይፈላል፣ ይበስላል። ናይለን እሳት ሲነካው ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃልና ሻማና ኩራዝም አይገቡበትም፤ በባትሪ የሚሠራ መብራት ይበቃል።

አውታር ልጅ ይጥላል። ነጭ ጨርቅ ቀድዶ በየአውታሩ ላይ ማሰር በቀንም በማታም ያሳየዋል፤ የካስማውን አናት በፕላስቲክ ጠርሙስ መሸፈንም ከመጋጋጥ ያድናል። መራመድ የጀመረ ልጅ ዚፕ መክፈት ስለሚማር ሁለት መጎተቻ ያለው ዚፕ ይመረጣል፤ ሁለቱንም ወደ ላይ ስቦ እጁ በማይደርስበት ቦታ ማቆም ይቻላል። መቆለፊያ ግን አይደረግበትም፤ በአደጋ ጊዜ ፈጥኖ መውጣት ያስፈልጋል። የተረፈ ምግብ ጅብንና ውሻን ስለሚጠራ መኪና ውስጥ ወይም ቤት ያድራል።

መግዛት፣ መፈተሽ፣ ማስቀመጥ

ገንዘብ ካነሰ በቅድሚያ የሚከፈልለት ለመረቡና ለዚፑ ነው፤ ቀጥሎ ለወለሉና እስከ መሬት ለሚወርደው ልባስ፣ ከዚያ ለዘንጉ፣ በመጨረሻ ለስፋቱ። መረቡ ያልተሟላ ሰፊ ድንኳን ቆላ ላይ ከመግዛት ጠበብ ያለና የተሟላውን መግዛት ይሻላል። ዘንጉ ሲሰበር የሚያስገቡበት ቱቦ፣ የመረብ መጣፊያና ትርፍ ካስማ አብረው ይገዛሉ። የጎደለውን ልባስ ወይም የወለል ሸራ ልክ ሰጥቶ ማሰፋትም ይቻላል፤ በመርካቶ ሸራ የሚሸጡና የሚሰፉ ሱቆች አሉ።

ድንኳኑ የመጀመሪያ ሌሊቱን ሐይቅ ዳር ሳይሆን ግቢ ውስጥ ማደር አለበት። ይተከላል፣ ካስማው ይቆጠራል፣ በቱቦ ወይም በወንፊት ባልዲ ለሩብ ሰዓት ውሃ ይርከፈከፍበታል፣ ከዚያ ጥጎቹና ስፌቶቹ በእጅ ይዳሰሳሉ። ልጆቹ አንድ ሌሊት ቢያድሩበት ጨለማውንና የጨርቁን ድምፅ ይለምዱታል፤ ያልተመቻቸው ነገር ካለም ቤቱ ቅርብ ነው።

ከጉዞ መልስ ድንኳኑ እርጥብ ሆኖ አይቀመጥም። ጭቃው በውሃ ብቻ ይታጠባል፤ ሳሙና የውሃ መከላከያ ቅቡን ይልጠዋል። ዚፑ ውስጥ የገባው አሸዋ በጥርስ ብሩሽ ይራገፋል። ጥላ ላይ ደርቆ፣ የተበተነ ብስኩትና ቆሎ ተጠርጎ፣ ላላ ብሎ ታጥፎ አይጥ ከማይደርስበት ቆጥ ወይም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል።